ከአዌቱ እስከ ግልገል ጊቤ፦ ውሃው ውስጥ ያለው «መድኃኒት»

ጅማ ላይ ስለ ውሃ የሚወራው በሁለት ጎራ ነው። አንደኛው «አዌቱ ጸዳ» ይላል። የወንዙ ዳርቻ ተስተካክሎ፣ መሄጃና አረንጓዴ ቦታ ወጥቶለት ሲያየው ደስ ይለዋል። ሁለተኛው ስልኩ ላይ ስለ ማይክሮፕላስቲክ፣ ስለ ሆርሞንና ስለ ካንሰር የሚዞረውን አንብቦ «ታዲያ ምን እንጠጣ?» ይላል። ሁለቱም የያዙት እውነት አለ፤ የያዙት ግን ግማሹን ነው። ዳርቻው ጸድቷል፤ ውሃው የተሸከመው ግን በዓይን አይለካም። የሚያሳስብ ነገርም አለ፤ ነገ ጠዋት አልጋ ላይ የሚጥል ዓይነት ግን አይደለም።

ሌላም ጥያቄ ይነሳል፦ «ጅማ ሐይቅ የላት፤ የሐይቅ ብክለት ምን አገባት?» የተፈጥሮ ሐይቅ እንደሌላት እውነት ነው። ግን የውሃውን መንገድ እንከተል። አዌቱ ከተማዋን ሰንጥቆ ይወርዳል። ጉማሬ በሚታይበት በቦዬ ረግረግ ፍጥነቱን ያበርዳል። ከዚያ ከግልገል ጊቤ ጋር ተቀላቅሎ ግድቡ ላይ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ የጀመረው፣ 184 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግልገል ጊቤ አንድ ከኋላው ያጠራቀመው ውሃ ሐይቅ ነው። የጅማ ሐይቅ እሱ ነው ማለት ይቻላል። ወባውም፣ ዓሣውም፣ ደለሉም የሐይቅ ነው።

«አዲስ በካይ» ምኑ ነው አዲሱ?

በባለሙያዎች ዘንድ «አዳዲስ በካዮች» የሚባል ስብስብ አለ። የመድኃኒት ቅሪት፣ ሆርሞን፣ አዳዲስ ፀረ-ተባዮች፣ የሳሙናና የቅባት ኬሚካሎች፣ ማይክሮፕላስቲክ፣ ከማይጣበቅ መጥበሻና ውሃ ከማያስገባ ልብስ የሚወጡት ‹ፒፋስ› የተባሉ ውህዶች፣ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎችም ጭምር እዚያ ውስጥ ይመደባሉ።

ስሙ ግን ያሳስታል። አብዛኞቹ ኬሚካሎች አዲስ አይደሉም፤ ሃምሳና ስልሳ ዓመት በሥራ ላይ የቆዩ አሉባቸው። አዲሱ ነገር መለካታችን ነው። የላብራቶሪ መሣሪያዎች በሊትር ውስጥ ናኖግራም ማየት ቻሉ። ናኖግራም የአንድ ግራም አንድ ቢሊዮንኛ ነው። ሌላው አዲስ ነገር ሕጉ ገና ያልደረሰባቸው መሆኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የመጠጥ ውሃ መመሪያ ዲዲቲ ለተባለው የቆየ ፀረ-ተባይ ገደብ አለው፤ በሊትር 1 ማይክሮግራም (1,000 ናኖግራም)። ለመድኃኒት ቅሪቶች ግን የቁጥር ገደብ አላስቀመጠም።

እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ አንድ ነገር ይጠቁማል። ታማሚው የሚውጠው «መድኃኒት» ነው። ገበሬው ጫቱ ላይ የሚረጨውም «መድኃኒት» ነው። ለወባ ቤት ውስጥ የሚረጨውም፣ ለአይጥ የሚቀመጠውም፣ ውሃ ውስጥ የሚጨመረው ክሎሪንም እንደዚያው። ሁሉም ሥራቸው ሕይወት ያለውን ነገር አካል መንካት ነው፤ የተሠሩትም ለዚያ ነው። ወንዝ ውስጥ ሲገቡ ይህን ሥራቸውን አያቆሙም።

የአንዲት ክኒን መንገድ

ሜትፎርሚንን እንውሰድ። የስኳር ሕመም መድኃኒት ነው፤ ብዙ ሰው በየቀኑ፣ ለዓመታት ይወስደዋል። የሚገርመው ባሕርዩ ሰውነታችን ስለማይሰባብረው እንደገባ መውጣቱ ነው። በቀን አንድ ግራም የሚወስድ ሰው ያንኑ ያህል ነው መልሶ የሚያወጣው፤ ከአንጀት ወደ ደም የገባው በሽንት፣ ያልገባው በሰገራ። ይህ አንድ ግራም በአንድ ሚሊዮን ሊትር ውሃ ውስጥ ቢበተን፣ ማለትም አሥር አሥር ሺህ ሊትር በሚይዙ መቶ ቦቴዎች ውስጥ ቢከፋፈል፣ እያንዳንዱ ሊትር 1,000 ናኖግራም ይደርሰዋል። ያ የአንድ ሰው የአንድ ቀን ድርሻ ነው።

በእርግጥ ሁሉም ወንዝ አይደርስም። ከፊሉን የመጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ያፈርሱታል። ከፊሉን አፈር ይይዘዋል። ግን እንደ አብዛኞቹ የሀገራችን ከተሞች ጅማም የምትኖረው በጉድጓድ መጸዳጃና በሴፕቲክ ታንክ ነው። ጉድጓዱ ክረምት ላይ ይሞላል፤ ጎርፍ ያጥበዋል። ወደ ወንዝ የተጠጋ ቤት ቱቦውን በቀጥታ ወደ ውሃው ይለቃል። መምጠጫ መኪና መጥቶ ቢመጠውም ጥያቄው «የት ደፋው?» የሚል ይሆናል።

መድኃኒቶች ባሕርያቸው አንድ አይደለም። አሞክሲሲሊን ከግማሽ በላዩ ሳይለወጥ በሽንት ይወጣል፤ ውሃ ውስጥ ግን ቶሎ ይፈርሳል። ሲፕሮፍሎክሳሲን ደለል ላይ ተጣብቆ ይቀመጣል። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ካርባማዜፒን ደግሞ ግትር ነው፤ ዘመናዊ ማጣሪያ ጣቢያን እንኳ አልፎ ይሄዳል። ስለዚህ «መድኃኒት ውሃ ውስጥ አለ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ብቻውን ብዙም አይነግረንም። የትኛው፣ ስንት፣ የት የሚለው ነው ቁም ነገሩ።

እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ አንድ ዓለም አቀፍ ጥናት በ104 ሀገሮች፣ በ258 ወንዞች ላይ ከ1,052 ቦታዎች ናሙና ወስዶ የመድኃኒት ቅሪት ለክቷል። ከፍተኛ ክምችት ከተገኘባቸው ከተሞች ተርታ ላሆር፣ ላፓዝ እና አዲስ አበባ ይገኙበታል። ብዙዎቻችን እንዲህ ዓይነት ብክለት የሀብታም ሀገር ችግር ይመስለን ነበር። ነገሩ ተገልብጦ ተገኘ። የመድኃኒት አጠቃቀም ጨምሮ የፍሳሽ ማጣሪያ ያልተከተለበት ቦታ ነው የሚጎዳው።

በዚያ ጥናት በብዙ ቦታ ከተገኙት ሦስት ነገሮች ሁለቱ ሜትፎርሚንና ካርባማዜፒን ናቸው። ሦስተኛው ካፌይን ነው። ተመራማሪዎች ካፌይንን እንደ ምልክት ይጠቀሙበታል፤ ውሃ ውስጥ ካፌይን ካለ የሰው ፍሳሽ ገብቷል ማለት ነው። ጅማ ላይ ግን ይህ ዘዴ አጉል ይሆናል። የቡና ሀገር ነዋ! ካፌይኑ ከጠጪው ሽንት ይምጣ ከቡና ማጠቢያ ጣቢያ ገለፈት እንዴት ይለያል? ወደዚህ እንመለሳለን።

ከጫት ማሳና ከቡና ማጠቢያ

ቡናን በተመለከተ አንድ ማደናገሪያ አለ። እሸት ቡና ተፈልፍሎ ሲታጠብ የሚወጣው ቡናማ፣ ጎምዛዛ ፍሳሽ ጅማ ዞን ውስጥ የታወቀ የወንዝ ችግር ነው። ስኳርና ሙጫ ስለሞላበት ባክቴሪያዎች ሲረባረቡበት የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሱታል፤ ዓሣውና ትንኝ የሚያህለው የውሃ ነፍሳት ሁሉ ይታፈናል። ይህ ግን የድሮ ዓይነት ብክለት ነው። ይሸታል፣ ይታያል፣ መፍትሔውም ይታወቃል፤ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ፣ የቬቲቨር ሣር፣ ውሃ መቆጠብ። ከአዳዲሶቹ ጋር አንድ ላይ መደባለቅ የለበትም።

ጫት ሌላ ነው። ጫት ቅጠሉ ትኩስ እያለ የሚበላ፣ ሳይበስልና ብዙ ጊዜም በደንብ ሳይታጠብ አፍ የሚገባ ነገር ነው። ተባይ የበላው ቅጠል ዋጋ ስለማያወጣ ገበሬው ይረጫል። በሀገራችን ገበያ ላይ ከተሸጠ ጫት ውስጥ ዲዲቲ መገኘቱን የሚያሳዩ ጥናቶች ታትመዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመና የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናትም ከጤፍ፣ ከበቆሎ፣ ከበርበሬና ከቡና ናሙናዎች የፀረ-ተባይ ቅሪት አግኝቷል፤ ዲዲቲም ነበረበት።

ዲዲቲ ለወባ መከላከያ ለአሥርት ዓመታት ቤት ለቤት ተረጭቷል። እ.ኤ.አ. በ2001 የጸደቀው የስቶክሆልም ስምምነት ለእርሻ እንዳይውል ከልክሎ ለወባ ብቻ በር ትቶለታል። ታዲያ ዛሬ የሚገኘው የድሮው ነው ወይስ አዲስ? ይህን ማወቂያ መንገድ አለ። ዲዲቲ በጊዜ ብዛት ወደ ዲዲኢ ይለወጣል። ናሙናው ውስጥ ዲዲኢ ከበዛ የቆየ ነው። ዲዲቲው ራሱ ከበዛ ግን በቅርቡ አንድ ሰው ከፍቶ ተጠቅሞበታል ማለት ነው። ኬሚካሉ የራሱን ቀን ይዞ ይዞራል።

የመርጨቱ ጊዜ ብቻም አይደለም ጉዳዩ። ብዙው ወደ ውሃ የሚገባው ከተረጨ በኋላ ነው። ገበሬው በጀርባው ያዘለውን መርጫ አውርዶ ጅረት ዳር ያጥባል፤ የተረፈው መድኃኒት እዚያው ይደፋል። ባዶው ጠርሙስ ዘይት ወይም ጋዝ መያዣ ይሆናል። የአጎበር ነገርም እንዲሁ ነው። አጎበር ላይ ያለው ፓይረትሮይድ የተባለ ኬሚካል ለሰው ያን ያህል አያስፈራም፤ ለዓሣ ግን ብርቱ መርዝ ነው። አጎበርን ወንዝ ውስጥ ማጠብ ምንም የማይመስል፣ ግን የማይገባ ሥራ ነው።

ፌስታል

ስለዚህ ብዙ ተብሏል፤ አጭር እንሁን። ማይክሮፕላስቲክ ከ5 ሚሊሜትር በታች የሆነ የፕላስቲክ ስባሪ ነው። ፌስታል ፀሐይ ላይ ይሰባበራል እንጂ አይበሰብስም። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ የፕላስቲክ ከረጢትን ማገዱ በጎ ነው። ጫት ሻጩ ወደ ኮባ ቅጠሉ ቢመለስ ሐይቁ ይጠቀማል። ነገር ግን ምንጩ ፌስታል ብቻ አይደለም። የማዳበሪያ ከረጢት ክር፣ የባጃጅ ጎማ ብናኝ፣ ከሰው ሠራሽ ጨርቅ በእጥበት የሚረግፈው ቃጫ አሉ። ዝዋይ ሐይቅ ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት ከተመረመሩት ዓሦች ሲሶ ያህሉ ሆድ ውስጥ ፕላስቲክ አግኝቷል።

ሐይቅ ለምን ይለያል?

ወንዝ ይረሳል፤ ሐይቅ ያስታውሳል። ወንዝ ውስጥ የገባ ነገር በሰዓታት ርቆ ይሄዳል። ሐይቅ ውስጥ ግን ውሃው ሳምንትና ወር ይቆያል። በዚህ ቆይታ ሁለት ተቃራኒ ነገሮች ይሆናሉ።

አንደኛው ደግ ነው። ፀሐይ አንዳንዱን መድኃኒት ትሰብራለች፤ ባክቴሪያም ይበላዋል፤ ውሃው ይቀጥናል። ረግረግ ይህን ሥራ ከሐይቅም በተሻለ ይሠራል። ቄጠማው ውሃውን ያዘገየዋል፣ ደለሉ በካዩን ይይዛል። ቦዬ ለጅማ የምትሠራው ሥራ የኩላሊት ነው።

ሁለተኛው ክፉ ነው። የተያዘው ሁሉ አልጠፋም፤ ጭቃው ውስጥ ተቀምጧል። የጅማ አካባቢ ረግረጎች ለእርሻ እየተቦረቦሩ፣ ባሕር ዛፍ እየተተከለባቸው፣ ለሸክላ ጡብ አፈራቸው እየተቆፈረ መሆኑ በጥናትም በዓይንም የታወቀ ነው። ረግረግ ሲቆፈር ማጣሪያው መፍረሱ ብቻ አይደለም፤ ለዓመታት የያዘውን መልሶ ወደ ውሃው ይለቃል። ስለዚህ ከወንዝ ዳር ማስዋብ ይልቅ ቦዬን መንካት ወይም አለመንካት ለውሃው ጥራት የበለጠ ይወስናል፤ የዚህ ጸሐፊ እምነት ይህ ነው።

ከዚያ የምግብ ሰንሰለቱ ይመጣል። ዲዲቲ ስብ ውስጥ ይቀመጣል። ትንሿ ነፍሳት ከጭቃው ትወስዳለች፣ ትንሹ ዓሣ ነፍሳቷን ይበላል፣ አምባዛው ትንሹን ዓሣ ይውጣል። ሽቅብ በተወጣ ቁጥር መጠኑ ይከማቻል። ውሃው ሲለካ እዚህ ግባ የማይባል ቁጥር፣ ዓሣው ላይ ሌላ ቁጥር ይሆናል። ስለዚህ ግድቡ ውሃው ብቻ ተለክቶ «ደህና ነው» ሊባል አይገባም።

ማዳበሪያና ፍሳሽ ደግሞ ሐይቁን ያጠግቡታል። የጠገበ ሐይቅ አረንጓዴ ይለብሳል። ያ አረንጓዴ ሁልጊዜ ሣር አይደለም፤ ሳያኖባክቴሪያ የተባሉ ጥቃቅን ፍጥረታት ሊሆኑ ይችላሉ። ከእነሱ አንዳንዶቹ ጉበት የሚጎዳ ማይክሮሲስቲን የተባለ መርዝ ያወጣሉ። ቆቃ ሐይቅ በዚህ ይታወቃል።

የአንዲት ሐይቅ ታሪክ መጠን ትንሽ ሆኖ ጉዳት ትልቅ ሊሆን እንደሚችል ያሳያል። ካናዳ ውስጥ ተመራማሪዎች ለሙከራ በተከለለች ሐይቅ ላይ ከ2001 እስከ 2003 እ.ኤ.አ. በወሊድ መከላከያ ክኒን ውስጥ ያለውን ሆርሞን በሊትር ከ5 እስከ 6 ናኖግራም ያህል ጨመሩ። ወንዶቹ ዓሦች የሴት ምልክት ማሳየት ጀመሩ፤ አንዲት ትንሽ የዓሣ ዝርያ ከሐይቋ ልትጠፋ ተቃረበች። አንድም ዓሣ ተመርዞ ተንሳፍፎ አልታየም። መውለድ ነው ያቆሙት። ሆርሞኑ ከቆመ ከዓመታት በኋላ ዓሦቹ ማገገማቸውም የዚያው ታሪክ ክፍል ነው።

የእኛ ሐይቅ ደግሞ መጨረሻ አይደለም። ከግልገል ጊቤ አንድ የሚወጣው ውሃ በ26 ኪሎ ሜትር ዋሻ ወደ ጊቤ ሁለት ያልፋል፣ ኦሞን ይቀላቀላል፣ በጊቤ ሦስት ያርፋል፣ በመጨረሻ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። ቱርካና መውጫ የለውም። የሚፈርሰው በመንገድ ይፈርሳል፤ የማይፈርሰው እዚያ ይቀራል።

«ታይፎይድ እያለ ስለ ናኖግራም?»

ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው። ተቅማጥና ታይፎይድ ዛሬ ሕፃን ይገድላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ሪፖርት መጠጥ ውሃ ውስጥ በሚገኘው መጠን የመድኃኒት ቅሪት ሰውን የመጉዳት ዕድሉ እጅግ አነስተኛ ነው ብሏል። ያ ድምዳሜ ግን በብዛት የተመሠረተው ፍሳሽ በሚጣራባቸው ሀገሮች መረጃ ላይ ነው። የሚናገረውም ስለ ሰው እንጂ ስለ ዓሣ አይደለም።

ሌላው ወገን «መርዝ እየጠጣን ነው፤ ካንሰር የበዛው በዚህ ነው» ይላል። ይህን ለማለት መለካትና ማነጻጸር ያስፈልጋል። ካንሰር መቶ ምክንያት አለው። ማስረጃ ሳይዙ እንዲህ ማለት ሰውን ከቧንቧ ውሃ አሽሽቶ ወደ ምንጭና ወደ ጉድጓድ ይሰደዋል። እዚያ ታይፎይዱ ይጠብቀዋል።

ሁለቱ ወገኖች የሚገናኙበት አንድ ቦታ አለ፤ መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የተገዛ፣ ሲሻል ግማሹ የተተወ አንቲባዮቲክ፣ ለዶሮና ለከብት የሚሰጠው ኦክሲቴትራሳይክሊን፣ የሆስፒታል ፍሳሽ፣ ሁሉም አንድ ወንዝ ላይ ይገናኛሉ። በጣም ትንሽ የአንቲባዮቲክ መጠን እንኳ ደካማውን ባክቴሪያ ገትቶ ጠንካራውን ሊያራባ ይችላል። እናም ታይፎይዱና ናኖግራሙ ሁለት ጉዳይ መሆናቸው ያበቃል። የሚመጡትም በአንድ ቱቦ ነው፤ የሰገራ ፍሳሹን የያዘ ሁለቱንም ይይዛል።

አፍልቶ መጠጣትስ?

ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ይቀጥል። ዲዲቲን፣ ካርባማዜፒንን ወይም ማይክሮሲስቲንን ግን አያጠፋም። እንዲያውም ውሃው ሲተን በቀረው ውስጥ መጠናቸው ትንሽ ይጨምራል። ውሃ አጋርም ሥራው ጀርም ላይ ነው። በከተማ ማጣሪያ ጣቢያ ያለው አሉም፣ አሸዋና ክሎሪን የተሠሩት ድፍርስና ጀርምን ለማስወገድ ነው። ለአዳዲሶቹ የሚሠራው ኦዞንና አክቲቬትድ ካርቦን የሚባል የተዘጋጀ ከሰል ነው፤ ውድ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እንኳ እ.ኤ.አ. በ2024 ባጸደቀው ሕግ የዚህን ተጨማሪ ማጣሪያ ወጪ ቢያንስ 80 በመቶ የመድኃኒትና የኮስሞቲክስ አምራቾች እንዲሸፍኑ ወስኗል።

የት ላይ ቢያዝ ይቀላል?

ያንን ማጣሪያ ጅማ ላይ መጠበቅ ሞኝነት ነው። በካዩ ውሃ ከመግባቱ በፊት ግን የሚያዝባቸው ቦታዎች አሉ። ቀኑ ያለፈበትንና የተረፈውን ክኒን የሚቀበል ፋርማሲ፤ የሆስፒታል ፍሳሽን ለይቶ የሚያቆይ ገንዳ፤ የመምጠጫ መኪናው ጭነት የሚደርቅበት የታወቀ ቦታ፤ የመርጫ እጥበትን ከጅረት የሚያርቅ የግብርና ባለሙያ ምክር፤ ያልተቆፈረ ቦዬ። የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጣ ቆይቷል፤ አዲስ ሕግ ከመጠበቅ እሱን መሬት ላይ ማውረድ ይቀድማል።

መለካቱም ከባድ የሚመስለውን ያህል ከባድ አይደለም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1999 የተመሠረተው እርሻ ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው ነው። የሚረጨውን «መድኃኒት» እና የሚዋጠውን «መድኃኒት» የሚያውቁ ሰዎች አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው። የሚያስፈልጉት ሦስት ነጥቦች ናቸው፤ አዌቱ ከተማ ከመግባቱ በፊት፣ ከቦዬ ሲወጣ፣ ግድቡ ላይ። ከውሃው ጋር ጭቃውና ዓሣው ይወሰድ።

ወሩ ደግሞ የካቲት ቢሆን ይመረጣል። በጋው ከርሞ ውሃው የቀነሰበት ወቅት ስለሆነ በካዩ የሚደበቅበት ቦታ የለውም። የቡና እጥበቱም ያኔ አልቋል። በየካቲት ከቦዬ በታች የሚለካው ካፌይን አብዛኛው ከእኛው መጸዳጃ የመጣ ነው።